ሰንጢው ገመድ ይቁረጥ እንጂ ሥጋ አይንካ

ራቤል የግሼ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ የሚታየው ማሳ እንደ አብዛኛው የመንዝና የግሼ ደጋ ተዳፋት ነው። ገብሱም፣ ባቄላውም፣ ስንዴውም የሚዘራው ዳገት ላይ ነው፤ በጉም የሚሰማራው በአፋፍና በገደል ዳር ነው። በዚህ መሬት በሬ ጠምዶ የሚያርስ አርሶ አደር ከበረዶና ከውርጭ ቀጥሎ የሚፈራው ነገር ቢኖር የበሬ መውደቅ ነው።

አወዳደቁን የማያውቅ አራሽ የለም። ጥማዱ የእርከኑ ዳር ሲደርስ የውጭኛው በሬ የረገጠው አፈር ይናዳል። በሬው በጎኑ ይወድቃል፣ ቀንበሩ ይጠመዘዛል፣ የማነቆው ማሰሪያ ጉሮሮውን ይይዘዋል። ጓደኛው በሬ ደንግጦ ሽቅብ ይጎትታል፤ በጎተተ ቁጥር የወደቀው ይታነቃል። አራሹ እርፉን ጥሎ ይሮጥና ማሰሪያውን ለመፍታት ይታገላል። የሁለት በሬ ጉልበት ያጠበቀው ጠፍር ግን በጣት አይፈታም። በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው አንድ ነገር ስለት ነው። ስለቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ፣ ማጀት ነው ያለው።

ከማሳ እስከ ቤት ሮጦ ለመመለስ የሚፈጀውን ጊዜ የታነቀ እንስሳ አይሰጥም። በሬው ከሞተ ጉዳቱ በዚያ ቀን አያበቃም። ጥማዱ ይጎድላል፤ አርሶ አደሩ በመጪው እርሻ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ መግባት ወይም በሬ መከራየት ይኖርበታል። እርሻ ሲዘገይ ዘር ይዘገያል፤ በደጋ ደግሞ የዘገየ ዘር ውርጭ ይጠብቀዋል። በወገብ ላይ አንዲት ሰንጢ መኖርና አለመኖር የአንድን ቤተሰብ ዓመት ሊወስን ይችላል የሚባለው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ስለት መያዝ ብቻውን መፍትሔ አይደለም። በተመሳሳይ ሰንጢ ከሞት የሚተርፍ በሬ እንዳለ ሁሉ፣ በተመሳሳይ ሰንጢ ለሞት የሚዳረግ ሰውም አለ። ልዩነቱን አጠር አድርጎ መናገር ይቻላል፤ በአደጋ ጊዜ ሰንጢ የሚያድነው ገመድ፣ ጠፍርና ጨርቅ ሲቆርጥ ነው። ሥጋ መቁረጥ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ በአደጋ ላይ ሌላ አደጋ ይጨምራል።

አደጋ የማይመዘገብበት ሥራ

የዓለም ሥራ ድርጅት ግብርናን ከማዕድን ቁፋሮና ከግንባታ ጋር በዓለም እጅግ አደገኛ ከሆኑት ሦስት የሥራ ዘርፎች አንዱ አድርጎ ይመድበዋል። ድርጅቱ ለዓመታት ሲጠቅሰው በቆየው ግምት መሠረት በየዓመቱ ወደ 170 ሺህ የሚጠጉ የግብርና ሠራተኞች በሥራ ላይ ሕይወታቸውን ያጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የግብርና ሥራ ደኅንነትንና ጤንነትን ብቻ የሚመለከት ስምምነት ያወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ፣ የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና የደረሰ አደጋን እንዲመዘግብ ያስገድዳል። አዋጁ የሚሠራው ግን በቅጥር ግንኙነት ላይ ነው። በገዛ ማሳው ላይ ከልጆቹ ጋር የሚያርስ፣ በደቦ የሚያጭድና በወንፈል የሚወቃ አርሶ አደር አሠሪም ሠራተኛም ራሱ ነው። አደጋ ሲደርስበት የሚመዘግብለት፣ ቀድሞም ጓንት ወይም የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ የሚያቀርብለት አሠሪ የለም። ስለዚህ ጥንቃቄው ከራሱ፣ ከጎረቤቱና በቀበሌው ካሉት ባለሙያዎች መምጣት አለበት።

ስለት የሚፈለግባቸው ጊዜያት

የመጀመሪያው ከላይ የተገለጸው የእርሻ አደጋ ነው። በሬ ቀንበር ውስጥ ሲወድቅ አንድ ሰው በመጀመሪያ የቆመውን በሬ መያዝና እንዳይጎትት ማድረግ አለበት። ሁለተኛው ሰው ከወደቀው በሬ እግር በኩል ሳይሆን ከጀርባው በኩል ይቀርባል፤ የሚንፈራገጥ በሬ የሰው አጥንት ይሰብራልና። የሚቆረጠው የማነቆው ማሰሪያ ነው። ከተቻለ ጠፍሩ እንጨቱን በሚነካበት ቦታ ላይ ይቆረጣል፤ ስለቱ ቢያመልጥ እንጨት ያገኛል እንጂ አንገት አያገኝም። እንጨቱ ጋ መድረስ ካልተቻለ ደግሞ የሰንጢው ጀርባ ወደ በሬው አንገት፣ ስለቱ ወደ ውጭ ዞሮ በጠፍሩ ሥር ይገባና ወደ ውጭ ይሳባል። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያያይዘውን ምራን መቁረጥም ማረሻው የወደቀውን በሬ እንዳይወጋ ይረዳል። ምራንና ጠፍር ይተካሉ፤ በሬ ግን በቀላሉ አይተካም። በዚህ ሰዓት ለጠፍር መሳሳት አይገባም።

ሁለተኛው አውድማ ነው። እህል ሲበራይ በቁርኝት ከታሰሩት ከብቶች አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ በላዩ ይዞራሉ፤ የሚነዳቸውም ሰው መሐላቸው ሊገባ ይችላል። ከብቶቹን አቁሞ የሚያያይዛቸውን ገመድ መቁረጥ ሰውንም ከብትንም ያተርፋል።

ሦስተኛው ጭነት ነው። ከቆላው ወደ ደጋው፣ ከደጋው ወደ ገበያ የሚወጣውና የሚወርደው መንገድ በብዙ ቦታ ከአንድ እንስሳ እግር የሚሰፋ አይደለም። የተጫነች አህያ አፋፍ ላይ ስትወድቅ ወደ ገደሉ የሚስባት ጭነቱ ነው። መጫኛውን ቆርጦ ጭነቱን መልቀቅ አህያዋን ያተርፋል፤ እህሉን ግን ሊያሳጣ ይችላል። አንዱን የመምረጥ ጊዜ ሲመጣ ምርጫው ግልጽ ነው። ፈረስ ወይም በቅሎ ወድቃ የጋላቢው እግር እርካብ ውስጥ ሲያዝም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ልጓሙን ይይዛል፣ ሌላው የእርካቡን ጠፍር ይቆርጣል።

አራተኛው የእረኞች ጉዳይ ነው። የሚነዱትን ወይፈን ገመድ በእጃቸው ወይም በወገባቸው የሚጠመጥሙ ልጆች ወይፈኑ ሲደነግጥ ይጎተታሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ለልጅ ሰንጢ መስጠት አይደለም። ልጁ ገመዱን በመዳፉ እንዲይዝ እንጂ እንዳይጠመጥም፣ ከብት ሲታሰርም አንዱን ጫፍ ሲስቡት በሚፈታ ቋጠሮ እንዲታሰር ማስተማር ነው። በጎችንም አንገታቸውን አስሮ ገደል ዳር መትከል የብዙ ታንቆ መሞት መነሻ ነው። ገመዱ ከአፋፉ የራቀና በጉን ከአፋፉ በታች የማያደርስ መሆን አለበት።

አምስተኛው ሰው ሲጎዳ ነው። በማጭድ የተቆረጠ፣ በድንጋይ የተመታ ወይም ከአፋፍ የወደቀ ሰው ሲያጋጥም ሰንጢው የሚያገለግለው ለቁስሉ ሳይሆን ለልብሱ ነው። ቁስሉን ለማየት ሱሪውን ወይም እጅጌውን መቅደድ፣ ንጹሕ ነጠላ ቀዶ ማሰሪያ ማውጣት፣ የተሰበረ እግር የሚደገፍበትን እንጨት ማስተካከል የሰንጢ ሥራ ነው። ለሚፈስ ደም ዋናው እርዳታ በንጹሕ ጨርቅ ቁስሉን አጥብቆ መጫንና በየጊዜው ገልጦ አለማየት ነው። ጨርቁ በደም ከራሰ ሌላ ይደረብበታል እንጂ የመጀመሪያው አይነሣም። የተጎዳውን ሰው የሚጭን ሰው ሲገኝ ሌላው አምቡላንስ ይጠራል ወይም ቃሬዛ ያዘጋጃል።

ሰንጢ የማይደርስበት ፍጥነት

በደጋው የእህል መውቂያ ማሽን እየተለመደ መጥቷል። ጉልበት ይቀንሳል፣ ጊዜም ይቆጥባል። ይዞት የመጣው አደጋ ግን በበሬ ዘመን ያልነበረ ነው። የደጋ ሰው ልብስ ለብርድ የተሠራ ነው፤ ጋቢ፣ ባና፣ ነጠላና ፎጣ ጫፋቸው ይንጠለጠላል። የሚዞር ቺንጋ ወይም ዘንግ የጋቢን ጫፍ ከያዘ ሰውየውን ሳይስብ አይለቅም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰንጢዬ አለች ብሎ መተማመን አይገባም። ለምሳሌ ከትራክተር ጀርባ ወጥቶ ሌላ መሣሪያ የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ በተለመደው ፍጥነቱ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል። ይህ በአንድ ሰከንድ 9 ዙር ማለት ነው። ሰውየው ሰንጢውን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ልብሱ ተጠቅልሎ አልቋል። ስለዚህ ከማሽን አደጋ የሚያድነው ቀድሞ የሚደረገው ነገር ነው። ጋቢና ነጠላ ከማሽኑ ርቆ ይቀመጣል፣ እጅጌ ይጠቀለላል፣ የቺንጋው መሸፈኛ ሳይወልቅ ይሠራል፣ ልጆች ይርቃሉ፣ ሞተሩን ማጥፋት የሚችል አንድ ሰው ሁልጊዜ ከሞተሩ አጠገብ ይቆማል።

አደጋው ከደረሰም የመጀመሪያው ሥራ ሞተሩን ማጥፋት ነው። እየዞረ ወዳለ ማሽን ስለት ይዞ መቅረብ ሁለት ተጎጂ ይፈጥራል። ሞተሩ ከቆመና ዘንጉ መዞሩን ከተወ በኋላ ነው ሰንጢው የሚወጣው። ያኔ የሚቆረጠው የተጠቀለለው ልብስ ነው፤ አንገትና ደረት የያዘው ቅድሚያ ያገኛል። ቺንጋውን በእጅ ወደ ኋላ ለማዞር መሞከር የተያዘውን እጅ የባሰ ሊጎዳው ስለሚችል ማሽኑን በሚያውቅ ሰው ብቻ መደረግ አለበት።

ስለት የማይገባበት ቦታ

በአካባቢው ልማድ ሰንጢና ምላጭ ለብዙ ሕመም መድኃኒት ተደርገው ቆይተዋል። የጤናና የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች አጥብቀው የሚያስጠነቅቁትም በዚህ ላይ ነው።

በቆላማ ቀበሌዎች ለአጨዳ ወይም ለእንጨት የሄደ ሰው እባብ ሲነድፈው ቦታውን በሰንጢ ሰንጥቆ ደሙን መምጠጥ የቆየ ልማድ ነው። መርዙ በዚህ አይወጣም። ቁስል ይሰፋል፣ ደም ይፈሳል፣ ኢንፌክሽን ይጨመራል። አጥብቆ በገመድ ማሰርም እግርን ወይም እጅን ሊያሳጣ ይችላል። የተነደፈ ሰው ሳይራመድ፣ የተነደፈው አካሉ ሳይንቀሳቀስ በቃሬዛ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ቀለበትና አምባር ካለ ከማበጡ በፊት ይወልቃል።

የሚወለድ ልጅን እትብት በኪስ ሰንጢ መቁረጥ መንጋጋ ቆልፍን መጋበዝ ነው። ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን የማስወገድ ደረጃ ላይ መድረሷ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ይህ የተገኘው በክትባት፣ በጤና ተቋም በመውለድና በንጹሕ መሣሪያ ነው። በሽታው የሚመጣበት ረቂቅ ሕዋስ ግን በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ዛሬም አለ። ቀኑን ሙሉ በማሳ የዋለ ሰንጢ ላይ ደግሞ አፈርና እበት አይጠፋም። ምጥ በመንገድ ከመጣ እትብቱን ለመቁረጥ መቸኮል አያስፈልግም። ሕፃኑን አድርቆ እናቱ ደረት ላይ አድርጎ ማልበስና ባለሙያ እስኪደርስ መጠበቅ ይሻላል። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣትም የሰንጢ ሥራ አይደሉም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን በወንጀልነት ደንግጓል።

በጉ ወይም ላሟ ሆዷ ሲነፋ ጎኗን በሰንጢ መውጋትም የተለመደ ነው። በተለይ ጠዋት ጤዛ ያረፈበትን ርጥብ ማገጥ ጠግባ የበላች ላም ወይም በግ የግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ይወጠራል። በዚህ ጊዜ እንስሳዋን ከግጦሹ ማውጣት፣ የፊት እግሯ ከፍ ባለ ቦታ እንዲቆም ማድረግ፣ በዝግታ ማራመድ፣ አፏ ውስጥ እንጨት አጋድሞ እንድታላምጥ ማድረግና የእንስሳት ሐኪም መጥራት ይገባል። ባለሙያው ጋዙን የሚያወጣው ትሮካር በሚባል ቱቦ ባለው መሣሪያ ነው። ቱቦው ጉዳቱን አንድ ቦታ ላይ ይገድበዋል። ሰንጢ ግን የጨጓራውን ይዘት ወደ ሆድ ዕቃ ያፈሰዋል፤ ላሟ ከመነፋቱ ብትተርፍ በሆድ ዕቃ ቁስለት ልትሞት ትችላለች። ከሁሉ የሚሻለው ጤዛው እስኪረግፍ ከብቶቹን ደረቅ ሣር ወይም ገለባ አቅምሶ ማሰማራት ነው።

ባርኮ መብላትና አባ ሰንጋ

የመንዝና የግሼ ሰው ሰንጢ ወይም ካራ ከሚይዝባቸው ምክንያቶች ትልቁ ሌላ ነው። እንስሳ ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው፤ አይበላም። በግ ከገደል ወድቆ እየተንፈራገጠ ከተገኘ እረኛው ወይም ባለቤቱ ነፍሱ ሳትወጣ መባረክ ይፈልጋል። ስለት የያዘ ሰው ሥጋውን ያተርፋል፤ ያልያዘ ሰው በጉንም ሥጋውንም ያጣል። ኑሮው በበግ ላይ ለተመሠረተ ደጋ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የመንዝ በግ ለገንዘብ፣ ለሥጋ፣ ከሱፉም ለባናና ለዝተት የሚሆን የቤቱ ባንክ ነው።

ይሁንና በዚሁ ልማድ ውስጥ ከሰንጢ አደጋዎች ሁሉ የከፋው ተደብቋል። ከገደል የወደቀ ጤነኛ በግ አንድ ነገር ነው፤ ትናንት ጤነኛ የነበረና ዛሬ ያለምክንያት እየተንቀጠቀጠ የሚወድቅ በሬ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። በአባ ሰንጋ የታመመ እንስሳ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከኋላው የማይረጋ ጥቁር ደም ሊፈስ ይችላል፤ በድኑም እንደ ሌላው ቶሎ አይደርቅም። ባለቤቱ ሳይሞት ልባርከው ብሎ ካረደው፣ ጎረቤት ተጠርቶ ከገፈፈውና ሥጋውን ከተከፋፈለው በሽታው ወደ ሰው ይሻገራል። በእጁ ላይ ጭረት ባለው ገፋፊ ላይ የማያም፣ መሐሉ የሚጠቁር ቁስል ይወጣል። ሥጋውን የበላ ሰው ላይ የሚመጣው ደግሞ የባሰ ነው።

የበድኑ ሆድ ሲከፈት በሽታውን የሚያመጣው ረቂቅ ሕዋስ አየር ያገኝና ጠንካራ ቅርፊት ያበጃል። ይህ ቅርፊት ያለው ዘር በአፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ በተለመደው እጥበትም ከሰንጢ ላይ አይለቅም። አንዲት ሰንጢ አንዱን በሬ ከፍታ፣ ማታ ዳቦ ቆርሳ፣ በማግሥቱ የበግ እባጭ ስትበጣ በሽታውን ከቤት ወደ ቤት ታዞራለች።

ስለዚህ ደንቡ ጥብቅ ነው። በሚታወቅ አደጋ፣ ማለትም በመውደቅ፣ በመሰበር ወይም በመታነቅ የተጎዳ ጤነኛ እንስሳ ሊታረድ ይችላል፤ ሥጋው ከመበላቱ በፊት ግን በባለሙያ ቢታይ ይመረጣል። በድንገት የታመመ ወይም የሞተ እንስሳ ግን አይታረድም፣ አይከፈት፣ አይገፈፍ፣ አይበላ። ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገራል፤ በድኑም ባለሙያው በሚያሳየው ቦታ በጥልቅ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ውሻና ጅብ እንዳይጎትተው ይጠበቃል። ቢሾፍቱ የሚገኘው የብሔራዊ እንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የአባ ሰንጋ ክትባት ያመርታል። በየዓመቱ ማስከተብ አንድ በሬ ከማጣት ጋር ሲነጻጸር ወጪው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ምን ዓይነት ሰንጢ፣ እንዴት ይያዝ?

ለአደጋ የሚያዝ ሰንጢ ትልቅ መሆን አያስፈልገውም። ስለቱ ከመዳፍ ስፋት ያልበለጠ፣ ሲዘረጋ የሚቆለፍ፣ በአንድ እጅ ሊከፈት የሚችል ቢሆን ይመረጣል። የማይቆለፍ ሰንጢ ጠንካራ ጠፍር ላይ ሲጫኑት ተመልሶ የባለቤቱን ጣት ይቆርጣል። የሚታጠፍ ካልተገኘ በገበያ አንጥረኞች የሚሠሩት ትንሽ ቢላዋ አፎት እስካለው ድረስ በቂ ነው። አፎት የሌለው ስለት በኪስ ወይም በመቀነት ውስጥ መያዝ የለበትም፤ ሰው ሲወድቅ የሚወጋው የገዛ ስለቱ ነው።

የሚያዝበት ቦታም ይወስናል። በጋቢ ሥር ተቋጥሮ ወይም በስልቻ ውስጥ ታስሮ ያለ ሰንጢ በአደጋ ጊዜ እንደሌለ ይቆጠራል። በሁለቱም እጅ ሊደረስበት በሚችል የወገብ ፊት ለፊት፣ እንዳይወድቅም በአጭር ገመድ ከቀበቶ ጋር ታስሮ ቢያዝ ይመከራል። አንድ እጁ የተያዘበት ሰው ሌላኛው እጁ ሊደርስበት ይገባልና።

የደነዘ ስለት ከተሳለው የበለጠ አደገኛ ነው። የደነዘውን ሰው በኃይል ይጫነዋል፤ በኃይል የተጫነ ስለትም ሲያመልጥ ሩቅ ይሄዳል። ስለዚህ ሰንጢው በሞረድ ወይም በመሳያ ድንጋይ በየጊዜው ይሳላል፣ መታጠፊያው እንዳይዝግ ጥቂት ዘይት ይቀባል። በሚቆረጥበት ጊዜ ስለቱ ከራስ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ በስለቱ መንገድ ላይ የራስም የሌላም ሰው እጅ አይኖርም። ለአደጋ የተያዘው ሰንጢ ለሽንኩርት፣ ለሥጋና ለቁስል አይውልም። የማጀቱ ቢላዋ ለማጀት፣ የማሳው ለማሳ ይሁን።

በዓለም ዙሪያ የታወቀው የስዊዘርላንድ የኪስ ሰንጢ አመጣጥም ይህንኑ ያስተምራል። ካርል ኤልስነር የተባለ የቢላዋ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1884 ኢባህ በምትባል መንደር ወርክሾፕ ከፍቶ በ1891 ለአገሩ ጦር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። ጦሩ ሰንጢውን የፈለገው ለውጊያ አልነበረም፤ ወታደሩ የታሸገ ምግብ እንዲከፍትበትና ጠብመንጃውን እንዲፈታበት ነበር። የወታደር ሰንጢ እንኳ የሥራ ዕቃ ሆኖ ተወለደ፤ የአርሶ አደሩም ከዚያ ያለፈ መሆን የለበትም።

ይህን የማስታወስ ጉዳይ ቀላል አይደለም። የሥራ ሰንጢ ከሥራ ጋር ይዋል፣ ከሥራ ጋር ይደር። ወደ ገበያ፣ ወደ ሠርግ፣ ወደ ለቅሶ፣ ወደ ስብሰባና ወደ መጠጥ ቤት ሲሄዱ ቤት ይቀመጥ። በጠብ ጊዜ በእጅ የተገኘ ስለት በጥፊ ሊያልቅ የነበረውን ነገር ወደ ደም ይወስደዋል፤ የወንጀል ሕጉም ለጉዳት ማድረሻ መሣሪያ የተጠቀመን ሰው ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል ይላል። ሽማግሌ እርቅ ሲያወርድ ስለት መሬት የሚያስቀምጠው በከንቱ አይደለም።

ከቀበሌና ከወረዳ ምን ይጠበቃል?

በእያንዳንዱ ቀበሌ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎች ተመድበዋል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አሉ። አዲስ መዋቅር ወይም ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ባለበት ሁሉ ከመኸር እርሻ በፊትና ከአጨዳ በፊት አንድ ሰዓት በቂ ነው። በዚያች ሰዓት የበሬ ማነቆ እንዴት እንደሚቆረጥ በአሮጌ ጠፍር ላይ ይታያል፤ ደም እንዴት እንደሚጫን ይለመዳል፤ አባ ሰንጋ እንዴት እንደሚለይ ይነገራል። ወንዱ ብቻ ሳይሆን ሴቷም ትገኝ፤ ባል ሲወድቅ መጀመሪያ የምትደርሰው እርሷ ናትና።

ሁለተኛው የተፋሰስ ልማት ሥራ ነው። ሕዝቡ በዘመቻ በሚወጣበት ወቅት በአንድ ተራራ ላይ ብዙ ሰው ዶማ፣ አካፋና ድጅኖ ይዞ ይሠራል። ከላይ የተፈነቀለ ድንጋይ ከታች ያለውን ይመታል። እያንዳንዱ የልማት ቡድን አንድ ትንሽ ቦርሳ ቢኖረው ብዙ ችግር ይፈታል። በቦርሳው ውስጥ አፎት ያለው ሰንጢ፣ የታጠበና በላስቲክ የተጠቀለለ ነጠላ፣ ጓንት፣ ሳሙናና የአምቡላንስ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ይኑር። ቦርሳውን የሚይዘው ሰው ቀድሞ ይታወቅ።

ሦስተኛው መዝገብ ነው። በሬ በቀንበር ታንቆ ሞተ፣ ሰው በማሽን እጁን ተጎዳ፣ በግ ከገደል ወደቀ የሚሉት ዜናዎች ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይወራሉ እንጂ አይጻፉም። ያልተጻፈ አደጋ ደግሞ በወረዳ ዕቅድ ውስጥ ቦታ አያገኝም። የቀበሌው ባለሙያ በየወሩ የደረሰውን አደጋ፣ ቦታውንና ምክንያቱን በአንድ ደብተር ቢያሰፍር፣ ወረዳው የትኛው እርከን ዳር መጠናከር እንዳለበት፣ የትኛው የጭነት መንገድ መስፋት እንዳለበት፣ ክትባቱም መጀመሪያ የት መድረስ እንዳለበት ያውቃል።

በመጪው እርሻ በራቤል ዳገቶች ላይ እንደገና በሬ ይጠመዳል። ከጥማዱ ሁሉ አንዱ መውደቁ አይቀርም። ያኔ አራሹ ወገቡ ላይ የተሳለ ሰንጢ ካለው፣ ጎረቤቱም የቆመውን በሬ መያዝ እንዳለበት ካወቀ፣ የሚጠፋው አንድ ጠፍር ብቻ ይሆናል። ጠፍሩን ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ ይቀጥለዋል፤ በማግሥቱም ያንኑ ጥማድ ይዞ ወደዚያው ማሳ ይመለሳል።